ድምፅ የለውም የተባለው ጊታር

አንድ ደምሰው የሚባል ጊታር ጠጋኝ ነበር። ሥራው መጠገን ይሁን እንጂ ስሙ የወጣው በመገመት ነው። አሮጌ ጊታር የወረሰም፣ ከሰልባጅ ተራ ርካሽ ዕቃ አገኘሁ ብሎ የፈነደቀም፣ “እስቲ መጀመሪያ ደምሰው ይየው” ይባላል። እሱም ጊታሩን እንደሚያነጣጥር ሰው ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አንገቱ ቀጥ ማለቱን ያያል፤ የቀዳዳውን ጠርዝ በጥፍሩ ዳሰስ አድርጎ ሙሉ ጣውላ ይሁን ኮምፔንሳቶ ይለያል፤ አንዱን ክር መታ ያደርጋል። በቃ፣ ተፈረደ። ባለጉዳዩ ወንበር ላይ እስኪቀመጥ እንኳ አይጠብቅም። “ምነው ረጋ ብትል?” ሲሉት፣ “ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል” ብሎ ይመልሳል። እውነትም ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። ሰውን የሚያሳስተው ደግሞ ይኸው ብዙ ጊዜ አለመሳሳቱ ነው።

አንድ ቀን ወይዘሮ ትርንጎ የሚባሉ ሴት በአንሶላ የተጠቀለለ ጊታር ታቅፈው መጡ። ጊታሩ በቅርቡ የሞቱት ባለቤታቸው የመምህር ሸዋንግዛው ነው። ልጃቸው ወልዳለች፤ “የአባዬን ጊታር ስጪኝ፣ ልጄ እሱን እየሰማች ትደግ” ብላ ጠይቃቸዋለች። እሳቸው ግን ሳይሰጧት በፊት ደህና መሆኑን ማወቅ ፈልገዋል።

ደምሰው እንደ ልማዱ አየት አየት አደረገው። ኮምፔንሳቶ ነው። ድሮ በየሱቁ በር ላይ ተሰቅሎ ለተማሪ ይሸጥ ከነበረው፣ የሠሪው ስም እንኳ ካልተጻፈበት ዓይነት። ክሩን ሲመታው ድብ ብሎ ቀረ፤ ትራስ የመታ ነው የመሰለው።

“ይኼ ድምፅ የለውም፣ እትዬ። ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፤ ማስታወሻ ይሆንዎታል” አላቸው።

አመስግነው የሚሄዱ መስሎት ነበር። ወይዘሮ ትርንጎ ግን የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ።

“ድምፁንማ የነጠቅሁት እኔ ነኝ” አሉ።

ከዚያ ነገሩን አጫወቱት። አዋላጅ ነበሩ። ሌሊት ሆስፒታል ያድራሉ፣ ቀን ይተኛሉ። ባላቸው ደግሞ ጠዋት አስተምሮ ሲመለስ ጊታሩን አንስቶ ካልተጫወተ ምሳም አይበላለት። አንድ ቀን አንዲት ወላድ እጃቸው ላይ አርፋባቸው፣ አንጀታቸው እርር ብሎ ገብተው ተኝተው ሳለ የጊታሩ ድምፅ ቀሰቀሳቸው። “ወይ እኔ ከዚህ ቤት ልውጣ፣ ወይ ይኼን ነገር ዝም አሰኝልኝ!” ብለው ጮኹበት። ሸዋንግዛው ክፉ ደግ ሳይናገር ጊታሩን ሰቀለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ሲጫወት ሰምተውት አያውቁም። ስንት ጊዜ “ኧረ ተጫወት” ሊሉት ፈልገው አፍረው ተዉት። ዛሬ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ ሲሉ ሞት ቀደማቸው። አሁን ደግሞ በገዛ አፋቸው የገደሉትን ነገር ለልጃቸው ሊያወርሱ ነው።

ደምሰው እጁን ሥራ ለማስያዝ ያህል ጊታሩን መልሶ አነሳው፤ ቀድሞ ማየት የነበረበትንም ያኔ አየ። ለዘመናት የተሰቀለ ጊታር ክሩ ይዝጋል፤ የዚህ ክር ግን ገና ያብረቀርቃል። አንገቱ ላይ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ተቦርቡሯል፤ በላዩ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶችም ተበልተው ሊያልቁ ደርሰዋል።

“እትዬ፣ ይኼ ጊታር ተሰቅሎ የኖረ አይደለም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሰው ሲጫወትበት ነበር” አላቸው።

ሊሆን አይችልም አሉ። ልጃቸው ካገባች ቆይታለች፤ ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው አልነበረም።

ደምሰው ትንሽ መስታወትና ባትሪ አምጥቶ በቀዳዳው ሰደደ። ከክዳኑ ሥር፣ ከቀዳዳው ዘወር ያለ ቦታ ላይ አንድ ቢጫ ነገር ተለጥፏል። ጣቱን አስገብቶ የተለጠፈበትን ሙጫ እያላቀቀ በቀስታ ሳበው። በጥንቃቄ የተጣጠፈ ሻሽ ነበር።

ወይዘሮ ትርንጎ ተቀብለው ዘረጉት። የራሳቸው ሻሽ ነው። ባላቸው ላይ በጮኹበት ሰሞን ጠፍቶባቸው ቤቱን አገላብጠው ሲያጡት፣ የጎረቤታቸውን ሠራተኛ በልባቸው ሌባ ሲሉ ኖረዋል። ፊታቸው ላይ አደረጉት።

“ቀን ስተኛ በእንቅልፌ ከሩቅ ዜማ የምሰማ ይመስለኝ ነበር። ሕልም ነው እያልኩ አልፈዋለሁ” አሉ። “ለካ እንዳልነቃ ብሎ ድምፁን በሻሼ አፍኖት ነው።”

ኧረ አንድ ቃል ቢተነፍሱ ምን ነበረበት፣ ሁለቱም! እሳቸው “ተጫወት” አላሉ፣ እሱ “እየተጫወትኩ ነው” አላለ። አብሮ መኖር አንዳንዴ እንዲህ ነው።

ደምሰው ክሩን ቃኝቶ መታው። ኮምፔንሳቶው ያው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ግን ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣና ሱቁን ሞላው። ወይዘሮ ትርንጎ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

“ዕቃው ምንም አልሆነም፣ እትዬ። የቸኮልኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አላቸው።

እሳቸውም ጊታሩን በአንሶላው ጠቅልለው ሻሹን ከላዩ አሰሩት።

“ይኼንንም ለልጄ እሰጣታለሁ። ሕፃኗ ስትተኛ ያስፈልጋታል” ብለው ወጡ።

አሁን ደምሰው ዘንድ የሄደ ሰው መጀመሪያ ወንበር ይሰጠዋል፤ መስታወቱ የጊታሩን ሆድ ሳያይ አፉ አይፈርድም።

ወዳጆቼ፣ በሰውም በዕቃም ላይ ፍርድ የምንሰጠው በሰማነው ልክ ነው። አንዳንዱ ግን ድምፁን የሚያፍነው እኛ እንድናርፍ ብሎ ነው፤ ፍቅሩንም ዝምታው ውስጥ ሸሽጎ ይኖራል። እናንተስ ቤት ዝም ያለ ሰው አለ? ለማን ብሎ ዝም እንዳለ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? እሱ ሊመልስላችሁ በሚችልበት ጊዜ ጠይቁት።