ሰልባትዮ ውስጥ የተኛ ውሃ

አንድ ሰው ነበረ፤ የጨው መኪና ሹፌር። አትጠገብ ልጄ፣ «ወንድሜን ሦስት ጊዜ ታርቄው ሦስት ጊዜ ተጣላን፤ አሁን ልጄን ስድር ልጥራው ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። መልሱ ከዚህ ሹፌር ጋር ስለሚሄድ አስቀድሜ የእሱን ልንገርሽ። አታቋርጪኝ፤ ከተቋረጥኩ የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል።

ሰውየው ከአፍዴራ ጨው ጭኖ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ፣ ወደ ደሴ የሚያወጣ ነበር። መኪናዋ የራሱ ናት፤ ሚስቱም ልጆቹም የሚተዳደሩት በእሷ ነው። የሞተር ሕመም በድምፅ የሚለይ ባለሙያ ነበር። ትንሽ ጉራ ቢጤም አያጣውም። ጉራው ግን ያለ ምክንያት አልነበረም።

አንድ ጊዜ ናፍታ ጠፋ። ማደያው ሁሉ ሰልፍ ሆነ። እሱ ሰልፍ ሰለቸውና መንገድ ዳር በበርሜል ከሚቸረችሩት ገዛ። ናፍታው ደፍረስ ማለቱን በዓይኑ አይቷል። «አጠልለዋለሁ» አለና በአሮጌ ሻሽ እያጠለለ ሰልባትዮውን ሞላ፤ የመኪናዋን የናፍታ ማጠራቀሚያ ማለቴ ነው። ውሃ በሻሽ እንደማይጠለል ልጅም ያውቃል፤ የቸኮለ ሰው ግን የሚያውቀውንም ይረሳል።

ውሃ ከናፍታ ይከብዳል። ይወርድና ከሥር ይተኛል። ከላይ ከፍተሽ ብታዪ የጠራ ናፍታ ብቻ ነው የሚታይሽ። ሲከርም ደግሞ ውሃውና ናፍታው በተገናኙበት ቦታ አተላ የመሰለ ነገር ይበቅላል።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ አመል አወጣች። ሜዳ ላይ ደህና ናት፤ የአፋርን ሜዳ እንደ ልቧ ትሄዳለች። ዳገት ጀምራ ሰልባትዮው ውስጥ ያለው ሲናወጥ ግን ትንፋሽ ያጥራታል፣ ትንገጫገጫለች፣ ትጠፋለች። ሹፌሩ ይወርዳል። ፊልትሮውን፣ የናፍታ ማጥለያዋን፣ አውጥቶ አዲስ ይገጥማል፤ የገባውን አየር በእጅ ፓምፑ እየገፋ ያስወጣል፤ ትነሳለች። ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም ነበርና ጓደኞቹ አደነቁት። እሱም ከወንበሩ ኋላ ፊልትሮ በካርቶን ይዞ መሄድ ጀመረ።

አንድ ወዳጁ «ለምን ሰልባትዮውን ደፍተህ አታጥበውም?» ቢለው ሳቀበት። «ስንት ደህና ናፍታ ያለበትን ልድፋ? ደግሞ በየማደያው ንጹሕ እየጨመርኩበት ነው።» መጨመሩን ይጨምር ነበር፤ አልዋሸም። ነገሩ ግን ዓመት አድሮ ቃሪያ ሆነበት።

ጉዱ የወጣው ሐረጎ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ያን ጠመዝማዛ ታውቂው የለ? በጠራራ ፀሐይ፣ ጨው እስከ አፏ ጭና፣ እጥፋቱ ላይ ሞተሯ ጠፋ። ከኋላ ሰው የሞላ ሚኒባስ ተጠግቷታል። ሹፌሩ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ በጭነቱ ክብደት ወደ ኋላ ተንሸራተተች፤ አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ። የሚኒባሱ ሰዎች ዘለው ወረዱና ድንጋይ እያነሱ ለጎማዋ ታኮ አደረጉላት። ሚኒባሱን ልትነካው ስንዝር ሲቀራት ቆመች።

ሕፃን ያቀፈች አንዲት ሴት ወደ ሹፌሩ መጣች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። «ወንድሜ፣ ዳገት ላይ እንደምትጠፋብህ ታውቅ ነበር?» አለችው።

 ያውቅ ነበራ!

አስጎትቶ ኮምቦልቻ ወረደና አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ደረሰ። «ሞተሯ አርጅቷል፤ የሚገዛኝ ፈልግልኝ» አለው። «ሰው ሳልገድልባት ከእጄ ትውጣ።» መካኒኩ ሞተሯን ዞር ብሎም አላየው። መሬት ላይ ካርቶን አነጠፈና ከሰልባትዮው ሥር ገብቶ ተኛ።

«የሥሩ ብሎን መቼ ነው የተፈታው?»

«እጄ ከገባች ወዲህ ተፈትቶ አያውቅም።»

«እንግዲያው ሞተሯን አትማው» አለና መፍቻውን አቀበለው። «በል፣ አንተው ፍታው።»

ሹፌሩ ፈታ። መጀመሪያ ዝገት የቀላቀለ ውሃ ወረደ። ቀጥሎ ጥቁር፣ ክርፋቱ የሚሰነፍጥ ዝቃጭ። ከዚያ ናፍታው መጣ፤ ጥርት ያለ። ሹፌሩ ይህን ሲያይ ብሎኑን ሊመልስ እጁን ሰደደ። «በቃ፣ በቃ! ደህናው እየሄደብኝ ነው!»

መካኒኩ እጁን ያዘው። «ደህናው ከዚህ ቆሻሻ ጋር ስንት ዳገት አብሮ ተናጠ? ዛሬ ብትዘጋው ግድግዳው ላይ የቀረው ነገ ይወርድብሃል። ተወው ይሂድ።»

ሹፌሩ እጁን ሰበሰበ። ናፍታው እስከ መጨረሻዋ ጠብታ በርሜል ውስጥ ሲወርድ ቆሞ አየ። አልቅሷል ይላሉ፤ እኔ አላየሁም፤ ቢያለቅስም አልፈርድበትም። ከዚያ ሰልባትዮውን ፈትተው አወረዱት፣ አጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አደረቁት፣ ቧንቧዎቹን ነፉ። ሁለት ቀን ፈጀ። ጨው እንደሆነ አይበሰብስ፤ ጠበቃቸው። ንጹሕ ናፍታ ሞሉ። ፊልትሮው የተቀየረው ከሁሉም በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን መኪናዋ ያንኑ ጭነት ይዛ ሐረጎን ወጣች፤ አንዴም አልሳለችም።

አትጠገብ፣ መኪናዋ ዝምድናችሁ ናት። ሞተሯ ደህና ነው፤ ደህና ባይሆን ሦስት ጊዜ ጠፍታ ሦስት ጊዜ ባልተነሳች። ከሥር የተኛው ውሃ፣ አባታችሁ የታመሙባቸው አራት ዓመታት ናቸው። አንቺ ብቻሽን ስታገላብጫቸው ኖረሽ፣ ወንድምሽ ለቀብር ደርሶ ከሐዘንተኛው ሁሉ ፊት ተቀመጠ። ይህን አንድ ቀን አልነገርሽውም። ሆድ ይፍጀው አልሽ። በላዩ ንጹሕ ንጹሑን ጨመርሽ፤ ሚስቱ ስትወልድ አራስ ቤት ገብተሽ አገለገልሽ፣ እሱ ሲታመም ቀድመሽ ደረስሽ። ደግ አደረግሽ። የተኛው ግን ከሥር እንደተኛ ነው። ሜዳው ላይ ትሳሳቃላችሁ፤ ተዝካር ሲመጣ፣ በዓል ሲመጣ፣ ይናወጥና ትቆማላችሁ። ሠርግ ደግሞ ዳገት ነው፤ ከኋላሽ ያለችውም ልጅሽ ናት።

የእኛስ የሽማግሌዎቹ ነገር! ሦስቱንም ጊዜ ከመካከላችሁ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አንቺ ልትናገሪ አፍሽን ስትከፍቺ «ያለፈው ይለፍ፤ ይቅር ለእግዚአብሔር በሉ» አልኩ፤ አሳሳምኳችሁ፣ ተመረቀ፣ ተበላ። አስታራቂ ማለት እሱ ነው ተባልኩ። ፊልትሮ ስቀይር ነበር የከረምኩት። ለሌላው ሰው «ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት» እያልኩ የምተርተውም እኔው ነኝ፤ አፈርኩ።

ስለዚህ ጥሪው። ግን ከሠርጉ በፊት፣ በዚህ ቅዳሜ፣ ሁለታችሁም እኔ ቤት ትመጣላችሁ። እህል አይቀርብም፤ መሳሳምም የለም። የሆነውን ሁሉ ትነግሪዋለሽ። እሱም ይናገራል፤ አንቺ የማታውቂው ነገር ይኖረው ይሆናል። ስትናገሩ ደህናውም አብሮ የሚፈስ ይመስልሻል፤ አብራችሁ ያደጋችሁት፣ የተረዳዳችሁት ሁሉ ያለቀ ይመስልሻል። ያን ጊዜ ልትዘጊው አትሩጪ። እኔም «በቃ» አልልም፤ ካልኩም ዝም አሰኚኝ። ይቅርታው ራሱ ይመጣል፤ የሚመጣው ግን ከሁሉም በኋላ ነው።

እኔም ሦስት ጊዜ አፍሽን አስይዤሻለሁና የእኔንም በደል ቅዳሜ እፊቱ ንገሪኝ። አሁን ሂጂና ደውይለት።