አቶ ልሳነወርቅና የእድሩ ጥሩምባ

አቶ ልሳነወርቅ የአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚሠራ በውል የሚያውቅ ባይኖርም ዜና አያጣም ነበር። የሥራ አስኪያጁ መጋረጃ ሲቀየር «አስቸኳይ ዜና» ተብሎ ለጋዜጠኞች ሁሉ ይላካል፤ ሥራ አስኪያጁ ከስብሰባ ሲመለሱም እንደዚሁ። በመጨረሻ ጋዜጠኞቹ የአቶ ልሳነወርቅን ስልክ ማንሳት ተዉ።

ሥራ አስኪያጁ የምስጋና ምስክር ወረቀት የሚቀበሉበት ቀን ሲቃረብ አንድም ጋዜጠኛ እንደማይመጣ ታወቀ። አቶ ልሳነወርቅ ግን ብልሃት አላጡም፤ የሰፈሩን የእድር ጥሩምባ ነፊ አስጠሩ።

«አንተ ስትነፋ ሰፈሩ ነቅሎ ይወጣል አሉ። ነገ ማለዳ ንፋና አዳራሹን ሙላልኝ» አሉት።

«ጌታዬ፣ ሰው የሚወጣልኝ እኮ ያለ ነገር ስለማልነፋ ነው። በከንቱ ከነፋሁ፣ የእውነት ሰው ሲሞት ማን ይወጣል?»

«ሙያዬን ልታስተምረኝ ነው? የምትኖርበት ቤት የመሥሪያ ቤታችን መሆኑን አትርሳ! ወይ ትነፋለህ፣ ወይ ዕቃህን ታወጣለህ።»

ሰውዬው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የሚገባበት ሌላ ጣሪያ አልነበረውም።

«እሺ ጌታዬ፣ እነፋለሁ» አለ።

«እንዲህ ነው እንጂ!»

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ጥሩምባዬን የሰማ ሁሉ በሩን ከፍቶ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ‹ማን ሞተ?› ብሎ ነው። የሥራ አስኪያጁን ስም ልጥራ፣ ወይስ የእርስዎን?»