የልብስ ሰፊው የቢምረው ታፔላ

ቢምረው የሚሉትን ልብስ ሰፊ በዐይኑ ያየ ሰው ዛሬ የለም፤ ወሬው ግን አለ። እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ከእጁ የፈጠነ ነበር ይላሉ። ተከራይቶ የሚሠራው በከተማዋ የመጀመሪያ ፎቅ በነበረው በሟቹ በደጃዝማች ወንድይራድ ቤት ነው፤ ከግቢው ውስጥ፣ ድሮ ኮርቻ ይቀመጥባት በነበረች ክፍል። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው። ደጃዝማቹ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሰው ግን አሁንም በደጃፋቸው ሲያልፍ ነጠላውን ያደገድጋል እንጂ ሳይጠራ ዘው ብሎ አይገባም። ውስጥ ልብስ ሰፊ መኖሩን የሚያውቅም የለም።

የስፌት መኪናው ሥራ ፈትቶ ይውላል። ሚስቱ ጥሩነሽ ነፍሰ ጡር ናት። ክረምት ሳይገባ ደንበኛ ካላገኘ መኪናውን ሸጦ አማቱ ዘንድ ሊጠጋ ነው። መፍትሔው በሩ ላይ ታፔላ መስቀል ነው። ቤቱ ደግሞ ታሪካዊ ተብሏልና ያለ ማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ሚስማር አይመታበትም።

ቢምረው ከንቲባው ቀኛዝማች ዘውገ ፊት ቀርቦ ፈቃድ ጠየቀ። ከንቲባው ተቆጡ።

«ደጃዝማች ሲኖሩበት ይህ ቤት ታፔላ ነበረው? ሰው ይጎርፍበት አልነበረም? ዛሬ ምን ጎደለበት?»

ቢምረው እጅ ነሣና፦ «ጌታዬ፣ ያኔ የሚመጣው ወይ ተጠርቶ ነው ወይ ታስሮ፤ መንገዱን የሚያሳየው አያጣም። እኔ ዘንድ የሚመጣው ግን ብቻውን ነው» አለ።

ከንቲባው ነገሩን ለኮሚቴ መሩት። ኮሚቴው መከረ፣ ዘከረ። በመጨረሻ ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፦ «የቤቱ ገጽታ እንዳይበላሽ፣ ታፔላህ ከመንገድ የማይታይ ከሆነ እንፈቅዳለን» አሉት።

ቢምረው ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። «እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ ከሆነማ ከገባሁ ጀምሮ ተሰቅሎ ኖሯል።»

ሌላ ቀን ጠሩት። አሁን ደግሞ ሐሳባቸውን ለውጠዋል፤ አዲስ ነገር አሮጌ ቤት ላይ ስለማያምር ታፔላው እንደ ቤቱ ያረጀ መሆን አለበት። ቢምረው አስጽፎ በብብቱ የያዘውን ታፔላ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረና ወደ በሩ አቀና።

«ምነው? ትተኸው ልትሄድ ነው?» አሉት።

«እዚሁ ይቆይልኝ። በእናንተ አያያዝ ፈቃዱ እስኪደርስ ከቤቱም ብሶ ያረጃል።»

ኮሚቴው የሳቀው እሱ ከወጣ በኋላ ነው። እሱ ግን ሳቅ አልመጣለትም። ጥሩነሽ «ተፈቀደ እንዴ?» ስትለው ዐይኗን ማየት አቅቶት፣ የማይሠራበትን መኪና ዘይት ሲቀባ ዋለ።

የቤቱ ወራሽ ግራዝማች አጥናፌ የታወቁ ቆንቋና ነበሩ። የታፔላውን ወሬ ሰምተው መጡና፦ «ኮሚቴው እኔን አያሳፍረኝም፤ አስፈቅድልሃለሁ። ታዲያ ጥቅም አለኝ። የኔ ስም ከላይ በትልቁ ይጻፋል፤ ያንተ ከታች በትንሹ» አሉት።

«ደስታውን አልችለውም ጌታዬ። የኔስ ጭራሽ ባይጻፍ? ሱሪ ያጠረበት ሰው ሁሉ ማንን እንደሚያንቅ ይወቀው።»

ግራዝማች ነገሩን እዚያው ትተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ሆሳዕና ሲቃረብ ከንቲባው ለካባ የሚሆን ምርጥ ጥቁር ጨርቅ ገዙ። ለአሽከራቸውም ሰጥተው፦ «ደጃዝማች ግቢ ውስጥ ያ ምላሰኛ አለ። ምላሱን ተወውና እጁ ጥሩ ነው ይላሉ፤ ለሱ ስጥልኝ» ብለው ላኩት። አሽከር ሄደ። አጥሩን ዞረ፤ የልብስ ሰፊ ምልክት አላየም። ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ የደጃዝማቹ ደጅ አስፈራው። ጌታውም እንዳይቆጡት ጨርቁን ይዞ ገበያ ወረደና ጆንያ ለሚሰፋ ሰው ሰጠው፤ ይህንንም ከከንቲባው በቀር ያልሰማ የለም።

በሆሳዕና ቀን ከንቲባው ያንን ካባ ደርበው ከቤተ ክርስቲያን ወጡ። ባንድ ወገን ቁርጭምጭሚታቸውን ይጠርጋል፤ በሌላው ወገን ጉልበታቸው ላይ ቀርቷል። ኮሌታው ጆሯቸውን ሸፍኗል። ሕዝቡ ሳቁን ለማፈን የነጠላውን ጫፍ ነከሰ። ቢምረው ብቻ ከመንገዱ ዳር ቆሞ እጅ ይነሣል፤ ቀና ይላል፣ ደግሞ እጅ ይነሣል። ከንቲባው ደማቸው ፈላ።

«አንተ! ምን ሆነህ ነው የምታጎነብሰው?» ብለው ሰው ሁሉ በሚሰማበት ጮኹበት።

«ምስጋና ነው ጌታዬ። ታፔላዬን ቤቱ ላይ ቢከለክሉኝ፣ ይኸው ራስዎ ለብሰውልኝ ወጡ!»