በእንሶስላ የተነከረ ጭድ

«አንድ ገበሬ ነበረ፤ ምስጥ ጎተራውን የሚበላበት» አሉ መምህር አጥናፉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። በሆስፒታል ቤተ ሙከራ የጡት ካንሰር ሴሎችን ሲያጠኑ የኖሩ ሰው ነበሩ። የጠየቀቻቸው የሺመቤት የምትባል ታካሚ ናት። እብጠትሽ በመድኃኒት ሟሟ ተብላ ደስታዋን ሳትጨርስ፣ ደግሞ ከጡቷ ትንሽ ሥጋ በመርፌ እንድትሰጥ ለመኗት። «ጠፋ ካላችሁ፣ ከእኔ ላይ ምን ትፈልጋላችሁ?» አለቻቸው።

ገበሬው በየዓመቱ የምስጡን ኩይሳ በዶማ ያፈርሳል። ምስጡ ይረግፋል፣ መሬቱ ሜዳ ይሆናል፣ እሱም ዶማውን ሰቅሎ ያርፋል። ክረምቱ ሲወጣ ግን ኩይሳው እንደገና ወገቡ ድረስ ነው። ያን ዓመት ለዘር ያስቀመጠው ማሽላ ሳይቀር ተበላ።

«አንተ ሰው» አለችው ሚስቱ፣ «አንተ ጣራ ታፈርሳለህ፣ እሷ ታች ተኝታ ትወልዳለች።»

«ማን?»

«ንግሥታቸው። አይተሃት ታውቃለህ?»

አይቷት አያውቅም። ነገሩ ከነከነው። ከዚያ ሁሉ ምስጥ መካከል አንዷን በምን ይለያታል? ሲያወጣ ሲያወርድ አንድ ነገር መጣለት፤ ንግሥት ራሷ አትለቅምም፣ ያጎርሷታል። ሚስቱ የምትሞቀውን እንሶስላ ለምኖ ቀቀለ፤ ጭድ ነከረበትና ኩይሳው አፍ ላይ በተነው።

«ጎተራው አልበቃ ብሎ ድግስ ደገሰላቸው» ብለው ጎረቤቶቹ ሳቁበት።

እሱ ጠበቀ። ምስጦቹ ጭዱን በልተው ከአፍ ወደ አፍ ተቀባበሉት። ከዚያ ሆዳቸው የቀላውን እየተከተለ፣ አፈሩን በቀስታ እየገለጠ ወረደ። ቀዮቹ እየበዙ ሄደው አንድ ድፍን የጭቃ ቋት ላይ አደረሱት። ሰበረው። ጣት የምታህል፣ መንቀሳቀስ የማትችል እናት ተኝታለች።

መምህሩ ወደ የሺመቤት ዞሩ።

«እብጠትሽ ኩይሳው ነው፣ ልጄ። መድኃኒቱ ብዙውን ጨርሷል፤ አልዋሸንሽም። ግን ግንደ ሴል የምንላቸው ጥቂቶች ተደብቀው ቀርተው እንደሆነ፣ መልሰው የሚገነቡት እነሱ ናቸው። በመልክ ከሌላው አይለዩም። እኛ የምንሠራው እንደዚያ ጭድ ያለ ነገር ነው፤ እነሱ ውስጥ ሲገባ የሚበራ ቅንጣት።»

«ሲበራ ይሞታሉ?»

«አይሞቱም። ቀለሙ ያሳያል እንጂ አይገድልም፤ መግደያውን ገና እየፈለግን ነው። ከሥጋሽም ምናልባት ምንም አላገኝ ይሆናል። ግን ንግሥቲቱ የት እንደተኛች ሳያውቅ ማን ቆፍሮ አወጣት?»

የሺመቤት ትንሽ አሰበችና ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች።