የቅዳሜ ሹር ዶሮዎች

አንድ ገበሬ ነበረ። ማሳውን አርሶ ጨርሷል፤ ዝናቡም ጀምሯል፤ የዘር በቆሎ ግን የለውም፤ በችግሩ ወራት ቤተሰቡ በልቶታል። የቀረው አሥራ ሁለት አውራ ዶሮ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ሹር ጠዋት እግራቸውን አስሮ ወደ ገበያ ሲወጣ ሚስቱ «አደራህን፣ ዘሩን ሳትይዝ እንዳትመለስ!» አለችው።

ገና ፀሐይ ሳትሞቅ አንድ ነጋዴ መጣ። አንዱን ዶሮ አንስቶ በእጁ መዘነ፤ ላባውን እፍ ብሎ ደረቱን አየ። «ሁሉንም ስምንት ስምንት መቶ ልውሰድልህ» አለው። ስምንት መቶ! ዘሩን ገዝቶ ለዘይትና ለጨው ይተርፈው ነበር። ሰውዬው ሆዬ፣ ያምናው ገበያ ከልቡ አልወጣም። አምና እኩለ ቀን ላይ አንድ ዶሮ ሺህ ሁለት መቶ ገብቶ ነበር። ድልድዩ ተሰብሮ ከሌላ አገር ዶሮ ስላልመጣ መሆኑን ግን ረሳው፤ የሚጥመንን ብቻ አይደል የምናስታውሰው! «ሺህ ሁለት መቶ፤ ሳንቲም አልቀንስም» አለ።

አጠገቡ የነበረች አንዲት ባልቴት ዶሮዎቿን ሽጣ ስትነሳ «ወንድሜ፣ ሰው የሚፈልገው ለዛሬ ማታ ነው፤ ሽጥና ግባ» አለችው። ሳቀባት።

አምስት ሰዓት ላይ ዶሮ የጫነ መኪና ጭቃ እየረጨ ገባ። ገበያተኛው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። ሰውዬው ደነገጠ። «ሺህ!» አለ፤ እዚያ በሰባት መቶ ይሸጣል። «ሰባት መቶ!» አለ፤ እዚያ አምስት መቶ ደርሷል። «አምስት መቶ!» ሲል ግን ዘወር ብሎ የሚያየውም ጠፋ፤ የሚገዛው ገዝቶ፣ ዶሮውን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ሄዷል። ያገኘውን መንገደኛ ሁሉ «በፈለግኸው ውሰደው፣ በእግዜር!» እያለ ይለምን ጀመር። «ገዝቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» እያሉት አለፉ።

ዶሮዎቹ እኮ ያው የጠዋቶቹ ናቸው፤ አንድ ላባ አልጎደላቸውም። እነሱኑ ተሸክሞ ተመለሰ። ሚስቱ በር ላይ ቆማ «ዘሩስ?» አለችው።

ይርዳው ልጄ፣ አንተም «ጤፌን ልሽጠው ወይስ ዋጋው እስኪጨምር ልያዘው?» ብለህ ልትጠይቀኝ ነው የመጣኸው። ዋጋው ጎተራህ ውስጥ ያለ መስሎህ ጤፍህን ብቻ ታያለህ። ዋጋ ፈላጊ ሲበዛ ይወጣል፤ ሻጭ ሲበዛ ይወርዳል፤ አንተን ብሎ አይቆምም። ለቤትህ ቆርቆሮ መግዣ ያለህ ይኸው ጤፍ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነው የምቆጣህ። እስቲ ተነስና ሜዳውን እይ። የሰዉ ሁሉ ጤፍ ቢጫ ሆኗል፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይታጨዳል። መኪናው መንገድ ላይ ነው፣ ልጄ፤ አንተ አሁንም «ሺህ ሁለት መቶ» ትላለህ?