ሁለተኛው ጠፍር

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፤ ዛፍ ላይ ያለም ይውረድ።

ወዳጆ የሚባል፣ ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀለ የሚኖር ሰው ነበረ። ቀፎ ሰቃይ ወገቡን ከግንዱ ጋር የሚያስረው በቆዳ ጠፍር ነው፤ ጠፍሩም ሁለት ነው። ቅርንጫፍ ሲያጋጥመው ሁለተኛውን ከበላይ ያስራል፣ ከዚያ የፊተኛውን ይፈታል። ወዳጆ ግን፣ አይ ሞኝነት፣ በሁለተኛው በሬውን አስሮበት በአንዱ ብቻ ወጣ። ጫፍ ሲደርስ ያም መበጠስ ጀመረ።

«አስካለ! ሁለተኛውን ጠፍር! ቶሎ!» ብሎ ወደ ሚስቱ ጮኸ።

አስካለ ሮጠች። «በሬ ሆይ፣ ጠፍሩን ስጠኝ፤ ባሌ ሊወድቅብኝ ነው።»

«አልሰጥም» አለ በሬ።

ወደ ጅብ ሄደች። «ጅብ ሆይ፣ በሬን አስደንግጥልኝ፤ በሬ ጠፍር አልሰጥም አለ፣ ባሌ ሊወድቅብኝ ነው።»

«አላስደነግጥም፤ ጠግቤያለሁ» አለ ጅብ። ጅብ ጠገብኩ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቀን ሲጥል እንዲህ ነው።

ወደ እሳት ሄደች። «እሳት ሆይ፣ ጅብን ለብልብልኝ፤ ጅብ በሬን አላስደነግጥም አለ፣ በሬ ጠፍር አልሰጥም አለ፣ ባሌ ሊወድቅብኝ ነው።»

«አልለበልብም» አለ እሳት፣ አመዱን እንደተከናነበ።

«አስካለ፣ አገኘሽ?» አለ ወዳጆ ከላይ።

«አገኘሁ!» ብላ ዋሸችው። ሌላ ምን ትበል?

ወደ ውሃ ሄደች። «ውሃ ሆይ፣ እሳትን አጥፋልኝ፤ እሳት ጅብን አልለበልብም አለ፣ ጅብ በሬን አላስደነግጥም አለ፣ በሬ ጠፍር አልሰጥም አለ፣ ባሌ ሊወድቅብኝ ነው።»

«አላጠፋም» አለ ውሃ፤ መንገዱንም ቀጠለ።

ተመልሳ ዛፉ ሥር ተደፋች። «ዛፍ ሆይ፣ ውሃን ጠጣልኝ፤ ውሃ እሳትን አላጠፋም አለ፣ እሳት ጅብን አልለበልብም አለ፣ ጅብ በሬን አላስደነግጥም አለ፣ በሬ ጠፍር አልሰጥም አለ፣ ባሌ ሊወድቅብኝ ነው።»

ዛፉስ አዘነላት። «እኔስ በጠጣሁልሽ። ስጠጣ ግን ግንዴ ይወፍራል፤ ያ የሳሳ ጠፍር ይበጠሳል።»

አስካለ ደረቷን መታች። ዛፉ ቢጠጣ ባሏ ይወድቃል፤ ባይጠጣም ባሏ ይወድቃል። በዚያች ቀን እንደ እሷ የጨነቀው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና፣ «አንድ ጉንጭ ብቻ» አለች።

ዛፍ ሊጠጣ ሥሩን ዘረጋ። ውሃ ደንግጦ እሳትን ሊያጠፋ ሮጠ፣ እሳት ፈርቶ ጅብን ለበለበ፣ ጅብ ጮኾ በሬን አስደነገጠ፣ በሬ በርግጎ ጠፍሩን ጥሎ ሸሸ። ከላይ ያረጀው ጠፍር ጧ፣ ጧ ይላል። አስካለ ሁለተኛውን ጠፍር፣ ወዳጆ ቀፎ ወደ ላይ በሚጎትትበት ሐረግ ጫፍ አስራ ላከችለት። ወዳጆ ስቦ ያዘው፤ አገላብጦ አየው።

«ታዲያ በሬውን በምን ልናስረው ነው?» አለ።

«አንተ ሰውዬ!» አለች እያለቀሰች፣ «በሬው ገደል ይግባ! ራስህን እሰር!»

አሰረ። እኔም እስኪያስር ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ አሁን ልተንፍስ።