ጅብን ዋስ የጠራች አህያ

አንድ ጊዜ አንዲት አህያ ዋስ አስፈለጋት። ዋስ ማለት ሌላው ቢጠፋ በጠፊው ፋንታ የሚያዝ፣ ሌላው ቢያጠፋ የሚጠየቅ፣ በደኅናው ቀን በየመንገዱ የሚገኝ፣ በተፈለገ ቀን ግን የማይገኝ ፍጡር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንበሳ ከራሱ በቀር ማንም ያለ ፍርድ ሥጋ እንዳይበላ አዋጅ አስነግሯል። ስለዚህ ጅብ እንደ ድሮው ዘሎ መያዝ ቢቀርበት፣ መስክ ላይ ስትግጥ ያገኛትን አህያ «በሕግ አምላክ!» ብሎ አቆማት። በሕግ አምላክ የተባለ መሄድ አይችልም፤ አላፊ አግዳሚውም ቆሞ መዳኘት አለበት። በዚያች ሰዓት የምታልፈው ቀበሮ ነበረች።

«እመት ቀበሮ፣ ይዳኙን» አለ ጅብ። «ደም አለኝ። የዚች አያት አያቴን ረግጣ ገድላለች።»

«አያትዎ ሲረገጡ ምን ያደርጉ ነበር?»

«እየበሏት ነበራ!»

ቀበሮ ሳቋን አፈነች። «የደም ነገር ከንጉሡ ችሎት በታች አይታይም። ችሎቱ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ አህያ ዋስ ትጥራ። ዋስ ካጣች እግሯ ከከሳሿ እግር ጋር ታስሮ እሱ ቤት ትቆያለች።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ።

አህያ ዙሪያዋን አየች። በሬ የበላውን ሣር እንደገና ማኘክ ጀመረ። ዝንጀሮ እከኩ ተነሣበት። በቅሎ የአባቷን ወገን ረስታ ወደ ፈረሶቹ ፈቀቅ አለች። አህያ አልፈረደችባቸውም፤ እሷም በእነሱ ቦታ ብትሆን ሣሩ ይጣፍጣት ነበር። ግን ጅብ ቤት የገባች አህያ ሦስት ቀን እንደማትቆይ ታውቃለች።

«እንግዲህ ዋስሽ ማነው?» አለች ቀበሮ።

«አያ ጅቦ ናቸው» አለች አህያ።

በሬ ማኘኩን አቆመ።

«እኔ?» አለ ጅብ። በዕድሜው ሙሉ ሲያየው የሚሸሽ እንጂ ዋስ ሁነኝ ያለው አልነበረም። «እኔን ነው የምትዪው?»

«እርስዎን ነው። ከእርስዎ የበለጠ እንዳልጠፋ የሚፈልግ ማን አለ?»

ይህ እውነት ነበር። ጅብ አንገቱን አቀና፤ «ዋስ ነኝ!» ብሎም ማለ።

«እንግዲያው» አለች ቀበሮ፣ «አህያ በቀጠሮዋ ቀን ከነሙሉ አካሏ ባትቀርብ፣ በእሷ ፋንታ ዋሷ ይበላል።»

«በማን?»

«በዳኛው፣ በአንበሳ።»

ጅብ ቃሉን ሊመልስ አፉን ከፈተ። ቃል ግን ወጥቶ ነበር።

ሦስቱን ቀን ጅብ እንቅልፍ አላየም። ሽታዋን ተከትለው የመጡ የአክስቱን ልጆች ነክሶ መለሰ። ጠዋት ጠዋት ጆሮዋንና ጅራቷን እያየ ሙሉ መሆኗን ያረጋግጣል።

«በደንብ ጋጥሽ?»

«ጋጥሁ፣ አያ ጅቦ።»

«ወደ ገደሉ አትጠጊ። ያድጣል።»

«እሺ፣ አያ ጅቦ።»

በቀጠሮው ቀን አንበሳ ፊት ቀረቡ። አህያ ተንበረከከች። «ጃንሆይ፣ ነገሩ የሦስት ትውልድ ደም ነው። እንደ እርስዎ ያለ ዳኛ አይቸኩልበትም ብዬ መጥቻለሁ።»

አንበሳ ይህን ወደደ። ቶሎ የሚፈርድ ንጉሥ ደጁ ባዶ እንደሚቀር፣ ባለጉዳይ ደጅ ሲጠና ግን ግቢው እንደሚሞቅ፣ ምስጋናም እንደማይጎድል ከአባቱ ተምሯል። «ክረምቱ ካለፈ በኋላ ይቅረቡ። ዋሱም በዋስትናው ይጽና» አለ።

ነገሩ አሥራ አንድ ጊዜ ተቀጠረ። ጅብ ክሱን እንዳይተው ሥጋዋ አሳሳው፤ እንዳይበላት ዋስትናው ከለከለው። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊዎች የብልጠትን ታሪክ ሲጽፉ ይህን ዘዴ ለቀበሮ ሰጡት። አህያ ቅር አላላትም፤ ብልጥ ተብሎ ስሙ የወጣ ሁሉ በየችሎቱ በዓይነ ቁራኛ እንደሚታይ አስተውላለች። ለአሥራ ሁለተኛው ቀጠሮ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጅብ በእርጅና ሞተ፤ አህያም ለቅሶ ደረሰች።

ከዚህ የምንማረው፣ ጠላቱን ማሸነፍ የማይችል ደካማ የእሱ በሕይወት መኖር ለጠላቱም የሚያስፈልግ ነገር እንዲሆን ካደረገ ረጅም ዕድሜ እንደሚያገኝ ነው።